በነጠላ ተሸፍነው ስለታመሙት ቆጮ እና በደብዳቤ ስለተከለከለው ሳቅ

ለተከበሩ ርዕሰ መምህር አቶ ዘርዓብሩክ
ዲላ

ጉዳዩ፡- ለሰጡን ፀጥታ ምስጋና ስለማቅረብ

ክቡር ርዕሰ መምህራችን ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ማክሰኞ በዘጠነኛ «ለ» ክፍል በር ላይ እንደቆሙ ድንገት የያዘዎ ሳል ለቀቀዎ ወይስ አሁንም ያስቸግርዎታል? ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ አፍዎን በመሐረብ ይዘው፣ ትከሻዎ ከፍ ዝቅ ሲል ያየን ሁሉ ልባችን አብሮ ተንቀጥቅጧል። አንዳንድ ምላሳቸው የማያርፍ ልጆች ጋሼ እኮ ሳቁ እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምቼ፣ ርዕሰ መምህርን የሚያህል ሰው በሥራ ሰዓት አይስቅም፣ የሰሞኑ ዝናብ ደረት ይይዛል ብዬ ተቆጥቻቸዋለሁ። እግዚአብሔር ይማርዎ።

እኔ ውዳሴ ከፍያለው፣ በሚመሩት ትምህርት ቤት የዘጠነኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። ይህን ደብዳቤ በአደባባይ መጻፌ ድፍረት ተደርጎ እንዳይቆጠርብኝ አደራ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ወደ ቢሮዎ ደጋግሜ መጥቼ ነበር፤ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልኩ። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ከማን ጋር እንደሚሰበሰቡ አየሁ፤ ከአንድ ሳህን ፍርፍር ጋር ነበር። ስብሰባው በስምምነት እንዲጠናቀቅ ተመኝቼ ተመለስኩና፣ ይህን ጽሑፍ እርስዎ ሳቅን በከለከሉበት ማስታወቂያ ጎን ለጥፌዋለሁ፤ በወላጆች የቴሌግራም ግሩፕም ልኬዋለሁ። ከዚህ በታች ምስጋናዎቼን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

1ኛ. ስለ ድርሰት ያለዎትን ጥንቃቄ ሳላመሰግን ባልፍ ነውር ይሆንብኛል። ይህን ክፍል ስረከብ ልጆቹ አንድ ድርሰት ነበራቸው፤ አንድ ስል ለእያንዳንዳቸው አንድ ማለቴ ሳይሆን ለሁሉም አንድ ማለቴ ነው። «ትምህርት ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ሚና ይጫወታል» ብሎ ይጀምርና «ስለዚህ ሁላችንም ተግተን እንማር» ብሎ ያበቃል። ስለ ቡና ጻፉ ስላቸው ቡና ለአንድ አገር ዕድገት ወሳኝ ሚና ይጫወታል፤ ስለ እናታችሁ ጻፉ ስላቸው እናትም ወሳኝ ሚና ትጫወታለች። ኧረ ልፈትናቸው ብዬ ስለ ወባ ትንኝ ጻፉ ብላቸው ትንኟም ሚናዋ አልቀረባትም! በዚያ ዘመን ክፍሌ ፀጥ ያለ ነበር። እርስዎም በመስኮት ሲያልፉ በእርካታ ራስዎን ይነቀንቁ ነበር። እኔ ግን ባለመታደሌ እንቅልፍ ይጥለኝ ጀመር፣ ያውም ቆሜ።

እንቅልፉን ለማባረር ስል ጥፋት ሠራሁ። አርፋጅ የማይጠፋበት ክፍል ነውና፣ ያረፈዳችሁበትን ምክንያት ጻፉ፣ እውነቱን የጻፈ ግን ዜሮ ያገኛል አልኳቸው። ሕጉ አጭር ነበር፤ ውሸቱ ትልቅ ይሁን፣ ማስረጃው ግን ትንሽ፣ የሚታይና የሚዳሰስ ይሁን። ጅብ አሳደደኝ ማለት ማንም ይችላል፤ ጅቡ የየትኛውን እግር ጫማ እንደወሰደና ሌላውን ለምን ንቆ እንደተወው የነገረኝ ልጅ ግን ጽፏል ማለት ነው። ደግነት የተባለው ተማሪዬ የቤታቸው በር የዓመት ፈቃድ ላይ ነኝ ብሎ አልከፈትም እንዳለው፣ መስኮቱን የበሩን ውክልና ያዝልኝ ብሎ ለምኖ በእሱ እንደወጣ ጻፈ። ደስታዬን ልደብቅዎ አልችልም፤ የዚያን ዕለት ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ በሩን እያሰብኩ ብቻዬን ስስቅ ሄጄ፣ ጎረቤቶቼ ደህና ናት ወይ ተባብለዋል። ልጆቹ ያረፈዱትን ለመጻፍ ሲሉ በጊዜ መምጣት ጀመሩ፤ ይህን ጉዳት ባለማየትዎ ደስ ብሎኛል።

2ኛ. ሁለተኛው ምስጋናዬ ስለ ቆጮው ነው። ትንቢት ወልዱ የኮንጋ ልጅ ናት። አባቷ ቡና ያለማሉ፤ እሷ ወናጎ አክስቷ ዘንድ ሆና በየጠዋቱ በሚኒባስ ትመጣለች። በቤታቸው የሚነገረው ጌዴኦኛ ስለሆነ አማርኛን የተዋወቀችው ትምህርት ቤት ገብታ ነው። መስከረም ላይ ተነሥታ ስታነብ አንድ ቃል ስታ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ዕለት ወዲህ እጇን አላወጣችም፤ ድምፅዋ ምን ዓይነት እንደነበር እኔም ረስቼው ነበር። ወደዚህ ሳቅ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህች ልጅ ማክሰኞ ዕለት ማንም ሳይጠራት ተነሣችና ጽሑፏን አነበበች። እንደ ጽሑፏ ከሆነ፣ የዚያን ጠዋት ወናጎ ላይ አንዲት ሴትዮ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ፣ ሰው የሚያህል ቆጮ አሸክመው ይመጣሉ። ረዳቱ ይህማ ዕቃ አይደለም፣ የሰው ሒሳብ ይከፈልበት ይላል፤ ሴትዮዋም ከከፈልኩ እንደ ሰው ይቀመጥልኝ ብለው ቆጮውን ጋቢና ያስቀምጡታል። ትንቢት ከኋላ በሰው ላይ ትደረባለች። ጥቂት እንደሄዱ ትራፊክ ይታያል። ረዳቱ እንደ ልማዱ ጎንበስ በሉ ሲል ትርፉ ሰው ሁሉ ጎንበስ አለ፤ ቆጮው ግን ወገቡ አይታጠፍምና ቀጥ ብሎ ቀረ። ረዳቱ ሲጨንቀው ከአንዷ ተሳፋሪ ላይ ነጠላ ነጥቆ ቆጮውን ሸፈነና፣ በጠና የታመሙ እናት ናቸው፣ ሆስፒታል ልናደርሳቸው ነው አለ።

ትራፊኩ ደግሞ ሆደ ባሻ ሰው ኖሮ ኮፍያውን አውልቆ፣ እግዚአብሔር ይማርዎት እናቴ አለ። ቆጮው ዝም። አይ፣ መናገርም ተስኗቸዋል ብሎ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሀሌሉያ የተባለች ዘማሪት ከኋላ ተነሥታ እጇን ጭና ስትጸልይላቸው፣ ከኮባው ሥር ውሃ መንጠባጠብ ጀመረ፤ ተመስገን፣ አላባቸው፣ ትኩሳቱ ሊለቃቸው ነው አለች። ትራፊኩ በሞተር ሳይክሉ ፊት ፊት እየመራ የትም እንዳትቆም ብሎ ሾፌሩን አዘዘው። ሚኒባሱ በትምህርት ቤታችን በር ሽው ብሎ ሲያልፍ ትንቢት ወራጅ አለ ብትል፣ ሰው እየሞተ አንቺ ትወርጃለሽ ወይ፣ ልብ የለሽም ወይ ብለው ተሳፋሪዎቹ ወረዱባት። ሆስፒታሉ በር ላይ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች ሮጠው መጡ፤ አንደኛው ካነሣቸው በኋላ፣ ሴትዮዋ ከብደዋል፣ ሽታቸው ግን የጤነኛ ነው አለ። ትንቢትም ከዚያ በእግሯ ስትመለስ አረፈደች።

ክፍሉ ቃሬዛው ላይ ሲደርስ ጠረጴዛ እየደበደበ ነበር። ደግነት ወለል ላይ ተቀምጧል፤ እኔ ራሴ ጠመኔ በያዘ እጄ እንባዬን ጠርጌ ፊቴን ዱቄት የነካው አስመስዬዋለሁ። በሩን የከፈቱት እዚህ ላይ ነው። ምን እንደሚያስቅ ጠየቁ፤ መልስ መስጠት የሚችል ሰው ስላልነበረ ከመጀመሪያው እንድታነብልዎ አዘዙ። አነበበች። ሳሉ የያዘዎ ቆጮው መናገር የተሳናቸው ቦታ ላይ ነበር፤ ይህን የምጠቅሰው ሐኪም ቢጠይቅዎ እንዲነግሩት ብቻ ነው።

3ኛ. በማግስቱ ላወጡት ደብዳቤ ምስጋናዬ ወሰን የለውም። «ጉዳዩ፡- ያልተፈቀደ ሳቅን ይመለከታል» ይላል። የተፈቀደው ሳቅ የትኛው እንደሆነ፣ ማመልከቻው ለማን እንደሚገባ፣ ማኅተም የሚያርፈውም ከመሳቅ በፊት ይሁን በኋላ መመሪያ ቢወጣልን ለሥራችን ይረዳል። የሳቀ ሁሉ ወላጅ ይዞ ይምጣ ስለሚልም፣ ሁሉም ስቆ ነበርና ሁሉም ይዞ መጣ። በወላጅ ቀን ጠርተናቸው የቀሩ ሰዎች ሐሙስ ዕለት አዳራሹን ሞሉት! ለአንዲት ቆጮ የተሰበሰበ ሕዝብ ለካርድ ቀን ተሰብስቦ አያውቅምና ይህን ስኬት በሪፖርትዎ ላይ እንዲያሰፍሩት እለምናለሁ።

ከወላጆቹ ሁሉ የባጃጅ ሾፌሩ ሲሞን ልቤን ነክቶታል። ለአንዱ ተማሪ ታላቅ ወንድም፣ ለአንዷ አጎት፣ ለሌላው ደግሞ ወላጅ አባት ሆኖ በየተራ ሲፈርም አየሁት። ልጆቹ ለምነውት እንደመጣ ያላወቀ የለም፤ እርስዎ ግን እንደ አቶ ሲሞን ልጆቹን የሚከታተል ወላጅ ይብዛልን ብለው አስጨበጨቡለት። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው። በዚህ ዕድሜው የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ማድረሱ ለከተማችን ኩራት ነው።

ከዚያም የጥፋቱን ክብደት ወላጆች በጆሯቸው እንዲሰሙት ብለው ጽሑፉ እንዲነበብ አዘዙ። ጌታዬ፣ ምን ነካዎ? እሳት ሊያጠፉ ቤንዚን ይዘው ገቡ እኮ! ትራፊኩ ኮፍያውን ሲያወልቅ ከፊት ያሉት ጀመሩ፤ ዘማሪቷ ስትጸልይ የኋለኞቹ ተከተሉ፤ ገበያ ላይ ልብስ የሚነግዱት የደግነት እናት ወይዘሮ ቦንቱ ጎረቤታቸውን እየደበደቡ፣ እኔ ነኝ እኮ፣ በሞቴ የእኔን ቆጮ ነው የጻፈችው ብለው ጮኹ። እርስዎም በንዴት፣ ለእናንተም ወላጅ ማስጠራት ነበር የሚያስፈልገው ብለው ተናገሩ።

4ኛ. ይህ ተራ ቁጥር በመመሪያዎ መሠረት ለፀጥታ የተተወ ነው።

5ኛ. ወይዘሮ ቦንቱ ሕግ አክባሪ ናቸው። ወላጅ ከተባለ ወላጅ ነው ብለው ዓርብ ጠዋት የባለቤታቸውን አባት፣ አባ ወልደዮሐንስን ከኢዲዶ አስመጧቸው። ሽማግሌው ከይርጋጨፌ ማዶ ተነሥተው፣ መጀመሪያ በሞተር ሳይክል ቀጥሎ በሚኒባስ፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ካፖርታቸውን ደርበው ሲገቡ እርስዎ ራስዎ ከወንበርዎ ተነሡላቸው። ልጆች ሲጣሉ ሲያስታርቁ የኖሩ ሰው ናቸውና ነገሩን ከሥሩ ልስማ አሉ። ትንቢት እንደገና አነበበች። እኚህ አዛውንት አልሳቁም። ጢማቸውን እየዳሰሱ እስከ መጨረሻው ካዳመጡ በኋላ፣ ፊታቸው ኮስተር እንዳለ፣ ልጄ፣ ለመሆኑ ሴትዮዋ ዳኑ ወይ ብለው ጠየቋት።

ክቡር ርዕሰ መምህር፣ በአስተማሪነት ዘመኔ ሁሉ ስለ አጻጻፍ የተጠየቀ የዚህን ያህል ደግ ጥያቄ አልሰማሁም። እኛማ አርትዖት፣ አንቀጽ፣ መሸጋገሪያ ቃል እያልን ልጆቹን ስናደርቅ ኖረናል፤ ሴትዮዋ ዳኑ ወይ ያላቸው ግን አልነበረም። ትንቢትም ገና አልጻፍኩትም አባባ፣ ለሰኞ እጽፈዋለሁ አለች። ሽማግሌው መረቋት፤ ሰኞ ሰው ልኬ እሰማለሁ አሉና እርስዎንም እጅዎን ጨብጠው፣ ደግ ትምህርት ቤት ነው የያዛችሁት ብለው ሄዱ። ምስጋናውን ሲቀበሉ ፊትዎ ሎሚ የመጠጠ መስሎ ነበር።

6ኛ. ከእሳቸው መሄድ በኋላ በመምህራን ስብሰባ ፊት፣ መምህርቷ ከተማሪ እኩል ስለሳቀች እሷም እንደ ተማሪ ወላጅ ታምጣ ብለው ስላዘዙ ከልብ አመሰግናለሁ። በአርባ አንድ ዓመቴ ወላጅ አምጪ መባል ለቆዳም ለልብም መድኃኒት ነው። ባለቤቴ ሲሰማ ደብተርሽን ልያዝልሽ ወይ አለኝ። ሲሞንን ልለምነው አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የልጆቹ ብዛት ስላሳዘነኝ እውነተኛውን አባቴን ለማምጣት ወስኛለሁ።

7ኛ. እንግዲህ እስካሁን ስስቅ መጥቻለሁ፤ አሁን ግን ትንሽ ቆም ልበል። ዓርብ ዕለት ሁለት ነገር ወስነዋል። አንደኛው፣ ከሰኞ ጀምሮ የጽሕፈት ክፍለ ጊዜዬ ከሰሌዳ መገልበጫ እንዲሆን ነው። ሁለተኛው፣ ትንቢት ዳግመኛ ሰው ላታስቅ በፊርማዋ ቃል እንድትገባ፣ ጽሑፏንም «መኪና ስለዘገየብኝ አረፈድኩ» ብላ አስተካክላ እንድትጽፍ፣ ካልፈረመች ሰኞ ክፍል እንዳትገባ ነው። ልጅቷ ውሳኔውን ከሰማች በኋላ ዕቃዋን ሰብስባ መስከረም ላይ ወደተቀመጠችበት የመጨረሻ ወንበር ተመለሰች። ሳነጋግራት ራሷን ብቻ ነቀነቀች። ተናድጃለሁ፣ ጌታዬ። በጨዋ አማርኛ ልሸፍነው ሞክሬ አልሸፈነልኝም።

የመስከረሙን ሳቅ ያስታውሳሉ? በኮሪደሩ እያለፉ ነበር፤ በመስኮት አየሁዎ፤ ልጅቷ አፏን በእጇ ይዛ እንደቆመች አይተው መንገድዎን ቀጠሉ። ያን ጊዜ ወላጅ አምጡ አልተባለም፤ ጉዳዩ ተብሎ የተጻፈ ነገር አልነበረም፤ እኔም ዝም በሉ ከማለት ያለፈ አላደረግሁም። ያንን ክፍል ያስታረቀላት ምክሬ አይደለም፣ ቆጮው ነው። የሳቁባት ልጆች ማክሰኞ ዕለት ከዚያስ፣ ከዚያስ እያሉ ለመኗት፤ እሷም መቼ እንደሚስቁ አስቀድማ እያወቀች፣ ቆም እያለች፣ እንደ ትልቅ ሰው ታስጠብቃቸው ነበር። ልጅን የሚያሳፍረው ሳቅ ያለ ፈቃድ አልፎ፣ ልጅቷን በእግሯ ያቆማት ሳቅ መከልከሉ እንዴት እንደሆነ ለእኔ ለደካማዋ ቢያስረዱኝ ምንኛ ደስ ባለኝ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ትንቢት ሰኞ ጠዋት ያለ ምንም ፊርማ ክፍል ትግባ። የጽሕፈት ክፍለ ጊዜዬም ይመለስልኝ፤ ሴትዮዋ መዳን አለመዳናቸውን ኢዲዶ ድረስ የሚጠብቅ ሽማግሌ አለ። ለእኔ ማስጠንቀቂያ መስጠት ካስፈለገ ይስጡኝ፤ ጥሩ ጽሑፍ ከሆነ ለክፍሉ አነብላቸዋለሁ።

የትምህርት ቤታችን ጣራ ከነፀጥታው፣ ወንበርዎ ከነትራሱ፣ ማኅተምዎ ከነቀለሙ ለብዙ ዘመን ጸንተው እንዲኖሩልን እየተመኘሁ፣ ሳልዎም እንዲሻልዎ፣ ካልተሻለዎ ደግሞ ከእኛ ጋር ተቀምጠው እንዲስሉ በታላቅ ትሕትና እየጋበዝኩ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ። ለዚያ እንኳ ጎንበስ በሉ የሚለኝ ረዳት አያስፈልገኝም።

ከአክብሮት ጋር
ውዳሴ ከፍያለው
የአማርኛ መምህርት፣ ባለ ያልተፈቀደ ሳቅ

ግልባጭ፡-
ለወላጆች ኮሚቴ
ለአቶ ሲሞን፣ ለሁሉም ልጆቻቸው እንዲያነቡላቸው
ለታመሙት ቆጮ፣ ባሉበት

ድኅረ ጽሑፍ፡- ወላጅ አምጪ ባሉኝ መሠረት አባቴ ጡረተኛው መምህር ከፍያለው ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ቢሮዎ ይገኛሉ። ስምዎን ስነግራቸው፣ ዘርዓብሩክ? የዶሮው ዘርዓብሩክ? ብለው ከወንበራቸው ሊወድቁ ምንም አልቀራቸውም። ለካ ስድስተኛ ክፍል ያስተማሩዎት እሳቸው ናቸው! ከፋሲካ በኋላ አርፍደው መጥተው ለምን ሲባሉ፣ የጎረቤት ዶሮ ለበዓሉ ስለታረደች አውራ ዶሯችን ሐዘን ተቀምጦ ሳይጮህ ነጋ፣ የሰፈሩ ዶሮዎችም ሊያስተዛዝኑት መጥተው በረንዳው ላይ ረድፍ ይዘው ተቀምጠዋል ማለትዎን እስከ ዛሬ ቃል በቃል ይዘውታል። ክፍሉ ሁሉ ተንከባለለ አሉኝ፤ እሳቸውም ከመቅጣት ይልቅ አውራ ዶሮው ተጽናና ወይ ብለው ጠየቁዎት። ከዚያ ዕለት በፊት ከክፍሉ ሁሉ ዝምተኛው ልጅ እርስዎ ነበሩ፣ እጅዎንም አውጥተው አያውቁም ነበር አሉ፤ ከዚያ ዕለት ወዲህ ግን፣ ይኸው ሁላችንም ምስክር ነን፣ ዝም ብለው አያውቁም።